ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሊያሠራ ሲነሣ የሚያወጣው የጨረታ ሰነድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገጹ «ዘመናዊ፣ ማራኪና ሳቢ» እንዲሆን ይጠይቃል። የሚንሸራተቱ ትልልቅ ፎቶዎች፣ የኃላፊው የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ከነምስላቸው፣ «ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች» የሚል ክፍል ይዘረዘራሉ። ገጹ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ የሠራው ሰው ሲሄድ ማን እንደሚያስተካክለው፣ ዶሜይኑ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ጽሑፉን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ ግን የለም። ርክክብ ይደረጋል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ አድራሻ የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ወይ ባዶ ገጽ፣ ወይ «የአገልግሎት ክፍያው ጊዜ አልፏል» የሚል ማስታወቂያ፣ ወይ ከናካቴው የቁማር ማስታወቂያ ነው። ከዚያ አዲስ ጨረታ ይወጣል። ያ ሰነድም «ዘመናዊ፣ ማራኪና ሳቢ» ይላል።

ለዚህ ብልሽት ሁልጊዜ የሚቀርበው ምክንያት «የባለሙያ እጥረት» ነው። ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላው ግማሽ ግን ማንም የማይጠይቀው ነው፤ የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያ የሚመረጠው በመልኩ እንጂ በባለቤትነቱ አይደለም። ምርጫው የአይቲ ልጆች የጣዕም ጉዳይ ተደርጎ ተትቷል። ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ቀለሙ ከማሰቡ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። በድረ ገጽ ላይ ግን ቀለሙ ተመርጦ፣ ተቀብቶና ተመርቆ ካለቀ በኋላ ነው ካርታው በሌላ ሰው ስም መሆኑ የሚታወቀው።

መሣሪያ ይሞታል፣ ተራ ጽሑፍ ይቀራል

የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የሠሩት ቲም በርነርስ ሊ ሲሆኑ፣ ይሠሩበት የነበረው ሴርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም በሚያዝያ 1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ያ ገጽ ጽሑፍና ማያያዣ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለበትም። ዛሬ በርካሽ ስልክም ይከፈታል፣ ይነበባልም።

«ኮድ ሳትነኩ ድረ ገጽ ሥሩ» እያሉ ከእሱ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን ዕጣቸው ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 የገዛው ፍሮንትፔጅ በአንድ ወቅት የየቢሮው ምርጫ ነበር። በ2006 ምርቱ ቆመ። በእሱ የተሠሩ ቅጾችና ቆጣሪዎች የሚሠሩት ሰርቨሩ ላይ ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ተጨማሪ ፕሮግራም ሲኖር ስለነበር፣ ያ ሲነሣ አብረው ደረቁ። ጂኦሲቲስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ገጻቸውን የሠሩበት ሰፈር ነበር፤ ያሁ በ1999 ገዛው፣ በ2009 ዘጋው። ፍላሽ ደግሞ የሚንቀሳቀስ መግቢያ ያለው ድረ ገጽ የሥልጣኔ ምልክት በሆነበት ዘመን የነገሠ ነበር። አዶቢ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቋረጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘት መክፈት እንዲያቆም ተደረገ። በፍላሽ ብቻ የተሠራ ገጽ የነበረው ድርጅት ሁሉ በዚያው ሳምንት ድረ ገጽ አልባ ሆነ።

ሦስቱም በጊዜያቸው «ሁሉም የሚጠቀምበት» ነበሩ። ዛሬም መሣሪያ ሲመረጥ የመጀመሪያው መከራከሪያ ይኸው «ሁሉም የሚጠቀምበት ነው» የሚለው ነው።

አማርኛ ይህን ትምህርት አንዴ ከፍሎበታል

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ቸል ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን ከዚህ ምርጫ የበለጠ የተጎዳ ጽሑፍ ቢኖር የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ አደራደር ነበረው። ፊደላቱ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ማለት ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ተጻፈ ብሎ ሲሆን አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ከሦስት መቶ የሚበልጡት ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች በ256 ቦታ ስለማይበቁም ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት መከፋፈል የተለመደ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ደብዳቤ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

የእነዚያ ሶፍትዌሮች ሠሪዎች ሊወቀሱ አይገባም። ዓለም መፍትሔ ባላዘጋጀበት ጊዜ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያወጡት እነሱ ናቸው። ወቀሳው የሚገባው ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ ለዓመታት በአሮጌው አደራደር መጻፋቸውን ለቀጠሉት ነው። የታወቀው ፎንት ውብ ነው፣ እጅ ለምዶታል፣ ማተሚያ ቤቱም ይቀበለዋል፤ ለዚህ ሲባል ብዙ የጋዜጣ፣ የመጽሐፍና የቢሮ ጽሑፍ ዛሬ ፈልጎ በማይገኝበት፣ ቀድቶ በማይለጠፍበት ቅርጽ ተቀምጧል። በይነመረብ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከተናጋሪው ብዛት ጋር ሲተያይ ይህን ያህል ቀጭን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተጻፈው አልታጣም፤ መሣሪያው ቆልፎበታል።

ዛሬ የዚያ ስህተት ወራሽ በየተቋሙ አለ፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ። ማስታወቂያው ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። በፍለጋ አይገኝም። ዓይነ ስውር የሆነ ዜጋ ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። የጻፈው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ጽሑፉ በዩኒኮድ ተቀምጦ እያለ ሕዝቡ የሚደርሰው የጽሑፉ ሥዕል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጽሑፍ ለመጨመር ዴቨሎፐሩ መጠራት አለበት፣ ፎቶ መለጠፍ ግን ይቻላል» ይባላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የመረጠው ማን ነው?

በዶላር የሚከራይ ጠረጴዛ

አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ሶፍትዌሮቹን አንዴ ገዝቶ መጠቀምን ትቶ በወር ኪራይ ማድረግ ሲጀምር ብዙዎች የዋጋ ጉዳይ ብቻ አድርገው ነበር ያዩት። የኪራይ ትርጉም ግን ስድስት ዓመት ቆይቶ ታየ። በጥቅምት 2019 ኩባንያው የአሜሪካን ማዕቀብ ጠቅሶ በቬንዙዌላ ያሉ ደንበኞቹን መለያ በሙሉ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ቢቀይርም፣ የካራካስ ዲዛይነሮች በእነዚያ ሳምንታት ያወቁትን ነገር አይረሱትም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዓለም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያኖሩበት ጊትሃብ በኢራን፣ በሶርያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎቹን አገልግሎት ገድቦ ነበር። ለኢራናውያን ሙሉ አገልግሎት የተመለሰው በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እገዳ አልደረሰባትም። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በመስከረም 2021 ኢትዮጵያን በሚመለከት የፈረሙት የማዕቀብ ትእዛዝም ያነጣጠረው በተለዩ ሰዎችና ተቋማት ላይ እንጂ በሶፍትዌር ላይ አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ ያልደረሰ ነገር ነገም አይደርስም ብሎ የመንግሥትን ወይም የባንክን ድረ ገጽ ንድፍ ሁሉ በአንድ የውጭ ኩባንያ መለያ ውስጥ ማስቀመጥ ጥንቃቄ አይባልም።

የደረሰው ደግሞ የምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት መሣሪያ 1,150 ብር አካባቢ የነበረው ከ2,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። መሣሪያው ግን አንድም ነገር አልተጨመረበትም። እሱም ቢሆን ዶላሩና ካርዱ ሲገኝ ነው። ብዙ ወጣት ዲዛይነር ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ወይም በደላላ ነው የሚከፍለው። ዘመዱ ካርድ የቀየረ ቀን የደንበኛው ሥራ ይቆማል። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ኩባንያ ራሱም ይሸጣል። ፊግማን የመረጡ ብዙ ዲዛይነሮች የመረጡት ከአዶቢ ኪራይ ለማምለጥ ነበር። በመስከረም 2022 አዶቢ ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱ ተነገረ። ሽያጩ የአውሮፓና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በመቃወማቸው በታኅሣሥ 2023 ቢፈርስም፣ በእነዚያ አሥራ አምስት ወራት ተጠቃሚው የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ተከራይ ቤቱ ሲሸጥ አይመከርም።

«ክራክ» ነጻ አይደለም

ለዚህ ሁሉ የተለመደው መልስ «ማን ከፍሎ!» የሚል ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርና ከየትም የወረደ፣ የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ተምፕሌት ነው የሚሠራበት። ስለ ሥነ ምግባሩ ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የሚነሣው ጥቅሙ ብቻ ነው።

ቁልፉን የሰበረ ሰው ድካሙን በነጻ የሚያድለው አልፎ አልፎ ነው። በተሰበሩ ተምፕሌቶችና ፕለጊኖች ውስጥ የኋላ በር፣ ድብቅ ማስታወቂያ፣ ጎብኚን ወደ ሌላ ገጽ የሚገፋ ኮድ መገኘቱ በደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ፈቃድ ስለሌለውም ማሻሻያ አይደርሰውም፤ የታወቀ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። መግቢያው ላይ የተጠቀሰው የቁማር ማስታወቂያ እንዲህ ባለ በር ሊገባ ይችላል። የጤና ተቋም ቅጽ ላይ ስሙንና ስልኩን የሞላ ሕመምተኛ በዚያ በር መረጃው ቢወጣ፣ ተጠያቂው ማነው? ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ «ተምፕሌቱ ክራክ ነበር» የሚለው ማመካኛ ከዚያ አያድንም።

የሚያሳዝነው ሰዎች የሚሰርቁት በሕግ በነጻ የሚገኝ አማራጭ ላለው ነገር መሆኑ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ለሥዕል ኢንክስኬፕና ጊምፕ አሉ፣ ለገጽ ንድፍ ፔንፖት አለ፣ ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ፈቃድ ይገኛሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

ለማን ስልክ?

መሣሪያ ሲመረጥ ሠሪው የሚያየው የራሱን ላፕቶፕ ነው። ሰፊ ስክሪን፣ ፈጣን ዋይፋይ፣ ብዙ ሚሞሪ አለው። አንባቢው ግን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ፣ በሜጋባይት የገዛውን ጥቅል እየቆጠረ ታክሲ ውስጥ ነው ያለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲላክ 3 ባይት ይወስዳል። ይህን ጽሑፍ የሚያህል 2,000 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 30 ኪሎባይት አካባቢ ነው። በስልክ የተነሣ አንድ የደብዳቤ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን የጽሑፉ መቶ እጥፍ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ማስታወቂያ ለማንበብ ሰው መቶ ጽሑፍ የሚያወርድበትን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

በኮዱም በኩል ያው ነው። ሪአክትን ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲለቀው እንደ ራሱ ላለ፣ በየሰከንዱ ለሚለዋወጥ ትልቅ ሥራ የሠራው መሣሪያ ነበር። ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። ዛሬ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት ብቻ ላለው የክሊኒክ ገጽ ይጫናል፤ ስልኩ አንዲት መስመር ከማሳየቱ በፊት ብዙ ጃቫስክሪፕት አውርዶ ማስኬድ አለበት። የሠሪው የሥራ ማመልከቻ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ታማሚው ግን ስልክ ቁጥሩን ሳያገኝ መስመሩ ይቋረጣል።

ክብደቱ ብቻም አይደለም ችግሩ። በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር በስም ክርክር ተቆጥቶ ከኤንፒኤም ማከማቻ 11 መስመር ብቻ ያላትን ኮዱን ሲያወጣት፣ በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ትልልቅ ፕሮጀክት ተሰናከለ፤ ብዙዎቹ ያቺን ኮድ እንደሚጠቀሙባት እንኳ አያውቁም ነበር። ከሰው የተዋሰው በበዛ ቁጥር ቁልፉ የሚገኝበት ኪስም ይበዛል።

ዝግጁ ተምፕሌቶቹ ለላቲን ፊደል መነደፋቸውም አለ። የመስመሩ ርቀት ለግዕዝ ፊደል ጠባብ ነው፤ ደማቅ ፊደል በሌለው ፎንት ላይ በግድ ሲደመቅ «ጨ» እና «ጩ» ይመሳሰላሉ፤ በግዕዝ ልማድ የሌለው የተንጋደደ ፊደል በየጥቅሱ ይመጣል። ይህን ማስተካከል የሚችለው ኮዱን መንካት የሚችል ሰው ነው። ሳጥን እየጎተተ ገጽ የሚሠራው ግን መሣሪያው በፈቀደለት ብቻ ይወሰናል።

«ታዲያ ነጋዴው ሁሉ ኮድ ይማር?»

አይማር። ኬክ የምትሸጥ ሴት ዛሬ ማታ ገጽ ቢያስፈልጋት ዝግጁ መሥሪያ ብትከራይ ሞኝነት አይደለም፤ ዶሜይኑን በራሷ ስም ካስመዘገበች፣ ፎቶና ጽሑፏን ለብቻ ካስቀመጠች ነገ ልትነቅለው ትችላለች። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያለ የማኅበረሰብ ማኅበርም እንዲሁ። እዚያ የሚገጥመው ችግር ብዙ ጊዜ ይለፍ ቃሉን የያዘው አንድ በጎ ፈቃደኛ ከተማ ሲቀይር ነው የሚታየው፤ ያ ደግሞ በገንዘብ የሚፈታ ሳይሆን በአንድ ገጽ ደብተር የሚፈታ ነው።

ነጻ ሶፍትዌርም ከጣጣ ነጻ አይደለም። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩበት ዎርድፕረስ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ሠላሳ ፕለጊን ከተደረደረበት፣ በር እንደሌለው ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የዎርድፕረስ መሥራች ደብሊውፒ ኤንጅን ከተባለ አስተናጋጅ ኩባንያ ጋር ተጣልተው የኩባንያው ደንበኞች ማሻሻያ እንዳያገኙ በሩን ዘግተውባቸው ነበር፤ በታኅሣሥ ወር ፍርድ ቤት እንዲከፈት አዘዘ። ጉዳዩ አሳፋሪ ነው። ግን ልዩነቱ ይታይ፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ገጾቹ መሥራታቸውን አላቆሙም፣ ደንበኛውም ከነጽሑፉ ወደ ሌላ አስተናጋጅ መሄድ ይችል ነበር። ጠብ በክፍት ቤትም ይነሣል፤ በክፍት ቤት ግን መውጫ አለ።

«ድረ ገጽ ለምን? ፌስቡክና ቴሌግራም አለ» የሚሉም አሉ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ከእነሱ ሌላ ቤት ያልነበረው ተቋም በእነዚያ ወራት አንባቢው ደጃፍ ላይ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ራሱ የሚነበበው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም መልካም የገበያ አዳራሽ ነው። መዝገብ ቤት ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ገጽ የሚሠሩ መሣሪያዎች መጥተዋል። ፍጥነታቸው ያስደንቃል፤ የሚጠየቁት ጥያቄ ግን አልተለወጠም። የጻፈውን ኮድ አውጥቶ ያስረክባል? ወይስ ገጹ የሚኖረው እዚያው ውስጥ ክፍያው እስከቀጠለ ብቻ ነው?

ጨረታ ሰነዱ ላይ ሊገቡ የሚገባቸው አምስት ነጥቦች፦

1. ዶሜይኑና ሆስቲንጉ በተቋሙ ስምና በተቋሙ ኢሜይል ይመዝገብ፤ በዴቨሎፐሩ የግል ኢሜይል የተመዘገበ ገጽ ርክክብ አይፈረምበት።

2. ሙሉ ሶርስ ኮዱ፣ የንድፍ ፋይሎቹና ይለፍ ቃሎቹ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይረከቡ። የንድፍ ፋይሎቹ በሌላ ፕሮግራምም በሚከፈት ቅርጽ ይሁኑ።

3. ጽሑፉ በሙሉ በዩኒኮድ አማርኛ፣ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። የማኅተሙ ፎቶ ካስፈለገ ከጽሑፉ ሥር ይለጠፍ እንጂ በጽሑፉ ቦታ አይግባ።

4. ፍተሻው በኃላፊው ላፕቶፕ ሳይሆን በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም ይደረግ።

5. ከርክክብ በፊት ባክአፑ ሌላ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ገጹ ሲነሣ ይታይ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠር።

ከአምስቱ አንዱም ተጨማሪ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቁት ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሰው ግማሽ ቀን እንዲቀመጥ ነው። ተጫራቹ አምስቱንም «ይቻላል» ካለ ሥራውን ይውሰድ። «መሣሪያው አይፈቅድም» ካለ ደግሞ ለተቋሙ የሚያቀርበው ቤት የኪራይ መሆኑን በራሱ አፍ ተናግሯል፤ ስለ ቀለሙ መነጋገር ሳያስፈልግ ቀጣዩ ተጫራች ይጠራ።